ኳሱ እስኪተነፍስ

ባለፈው ወር የጫማዬ ተረከዝ ተላቀቀና መንገድ ዳር ለተቀመጠ ጫማ ሰፊ ሰጠሁት። ሰውየው ክሩን በሰም ቁራጭ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ ሲስበው የሰሙና የቆዳው ሽታ ተቀላቅሎ መጣና ቆሜ ቀረሁ። ለካ ብዙ ቆይቻለሁ።

«እህቴ፣ ለነገ ነው ያልኩሽ። ካላመንሽኝ ይዘሽው ሂጂ» አለኝ።

በጣም አፈርኩ። እሱን አለማመኔ አልነበረም። በሐሳቤ ለጥቂት ጊዜ ወደ ልጅነት ከተማዬ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሄጄ ነበር፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ጣቶቼም በሰም ተጣብቀው ነበር።

አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ በአሰበ ተፈሪ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ይሠራ ነበር። ያን ዓመት፣ ማሽላ በሚታጨድበት ወራት፣ እናቴ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደች። አባቴ ቀኑን ሙሉ ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ ስለሚውል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምጠጋበት ሰው አልነበረኝም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ይህን ሰምተው፣ «እኔ ዘንድ ትዋል፤ ለእኔም አፍ ትሆነኛለች» አሉ። አባቴ ሳቀ። ከእኔ የበለጠ አፍ የሌላት ልጅ በከተማው አልነበረችም። ሰው ሲያነጋግረኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ይመለስ ነበር።

እትዬ አስካለ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት በር ያላት ሱቅ ነበረቻቸው። ሰው ሁሉ «ኳስ ቤት» ይላታል። ሦስት አራት የቆዳ ኳሶች ከጣሪያው በተንጠለጠለ መረብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በታች ሸራ ጫማ፣ ማሊያ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ፊሽካና የኳስ መንፊያ ተደርድሯል። ሱቁን የከፈቱት ባለቤታቸው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ኳስ ይጫወቱ ነበር ይባላል። ታመው እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው እየነገሩ እትዬ አስካለ ይሰፉ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሰው ሁሉ ሱቁ ይዘጋል ብሎ ጠበቀ። በአርባው ማግስት ግን እትዬ አስካለ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ በሩን ከፍተው፣ ወስፌያቸውን ይዘው ተቀመጡ። መጀመሪያ የሳቁባቸው ነበሩ። በኋላ ግን ከአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ከበደሳም ከመቻራም፣ የተቀደደ ኳስ በጆንያ እየታሰረ ወደ እሳቸው መምጣት ጀመረ። በአካባቢው ሁሉ ኳስ መስፋት የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

የእኔ ሥራ ክሩን በሰም ማሸት ነበር። ከድሬዳዋ የሚመጣው ኳስ አፉ፣ ጎማው የሚገባበት ቀዳዳ፣ የሚታሰረው በተራ ክር ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ይበሰብሳል። ስለዚህ እትዬ አስካለ አዲስ ኳስ ሁሉ ከመሰቀሉ በፊት የአፉን ክር ፈትተው እኔ ባሸሁት ክር መልሰው ይሰፉታል። «ገዢው አያውቀውም» ይሉ ነበር፤ «ግን ኳሱ ያውቀዋል»። እኔም ኳስ የሚያውቀው ነገር እንዳለ አምን ነበር።

ስለ እሳቸው ስናገር አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎች ገብተው ዕቃ ሲያዩ ቆዩ። ከሁለቱ አንደኛው ጉንጩ በአንድ በኩል አበጠ። እኔ ጥርሱን የታመመ መስሎኝ አዘንኩለት። እትዬ አስካለ ቀና ሳይሉ፣ እየሰፉ፣ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት። ልጁ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። «አባትህ ማን ይባላሉ? ሰው ሲጠይቁህ አትመልስም?» ሲሉት ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ፊሽካው ጉንጩ ውስጥ ጮኸ። ጓደኛው በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ድምፁ ጥሩ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «በል አውጣው፣ በደንብ እጠበው፣ ካነሳህበት መልሰው። ሌላ ቀን ደግሞ ስትመጣ ስምህን አስቀድመህ ንገረኝ።» ልጁ ከዚያ በኋላ የእሳቸው ዋና ደንበኛ ሆነ። «ሌባ» የምትለውን ቃል ግን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ዕቃ ያነሳ ሰው» ነበር የሚሉት።

ነገሩ የተፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከመኢሶ ባቡር ጣቢያ በጭነት መኪና ሦስት አዳዲስ ኳሶች የያዘ ሳጥን መጣ። ሳጥኑን ተሸክሞ ያመጣው ዩያ ነበር። ዩያ የመቻራ ሰው ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚያ ናቸው፤ እሱ ከተማችን ውስጥ በኩሊነት ይሠራል። አማርኛው የራሱ ነበር፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ይል ነበር። እትዬ አስካለን «አዮ» ይላቸዋል፣ እናቴ እንደማለት።

ያን ጊዜ እኔ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ሰሙን ሳሞቅ ከኩራዙ ጥላሸት ገባበትና ያሸሁት ክር ሁሉ ጠቆረ። እንደሚቆጡኝ እርግጠኛ ሆኜ አቀረቀርኩ። እትዬ አስካለ ክሩን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «ለቡኒ ኳስ ጥቁር ክር ምን ይለዋል? ያምርበታል እንጂ» አሉና ሦስቱንም አዳዲስ ኳሶች በዚያ ክር ሰፍተው ሰቀሏቸው።

ማክሰኞ ጎረቤት ለቅሶ ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ፤ «ዩያ የጫማ ሳጥን ያመጣል፣ እዚህ ጋ አስቀምጥ በይው፤ እኔ አልቆይም» አሉኝ። ዩያ መጣ፣ ሳጥኑን አወረደ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ መምህር ታምሩ ገቡ።

መምህር ታምሩ የስፖርት መምህራችን ነበሩ። እኛ ትምህርት ቤት መምህር ሲገባ ተነስተን፣ እጃችንን አጣጥፈን፣ መሬት መሬት እያየን እንድንቆም ነበር የተማርነው። መምህሩ «ተቀመጡ» ሳይል ቀና ያለ ይመታል። እኔም ተነስቼ፣ እጄን አጣጥፌ፣ መሬቱን አየሁ። «እትዬ የሉም?» አሉኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። የተወለወለ ጫማቸው ወደ ውስጥ ሲያልፍ ታየኝ። መረቡ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ከዚያ ጫማው ተመልሶ ወጣ። «ተቀመጪ» ስላላሉኝ ቆሜ ቀረሁ፤ እትዬ አስካለ ሲመለሱ ገና እንደቆምኩ ነበር። በልቤ ኮርቼ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያለሁ ያህል ደህና አድርጌ ቆሜያለሁና።

እትዬ አስካለ ወደ ላይ አዩ። «አንዱ ኳስ የት ሄደ?»

ፖሊስ የጠሩት እሳቸው አይደሉም፤ ከለቅሶው አብሯቸው የመጣ እህል ነጋዴ ጎረቤታችን ነው። ሃምሳ አለቃው መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ። ጢሙ ያስፈራ ነበር።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። እትዬ ከወጡ በኋላ ማን ገባ?»

«ዩያ» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ማንም።»

ይህን መልስ ለምን እንደሰጠሁ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አልዋሸሁም፤ ቢያንስ ያኔ መዋሸቴ አልነበረም። ሃምሳ አለቃው የሚጠይቀው ዕቃ ሊያነሳ ስለሚችል ሰው እንደሆነ ገብቶኛል። መምህር ደግሞ እንዲህ ባለ ጥያቄ ውስጥ የሚገባ ሰው ሆኖ ጨርሶ አልታየኝም። ቄስ ገብተው ቢሆንም እንዲሁ «ማንም» እል ነበር። ዩያን ግን፣ ከአባቴ የሚበልጥ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ለመጥራት ለአንድ አፍታ እንኳ አላመነታሁም።

ዩያን ከገበያ ይዘውት ሄዱ።

እትዬ አስካለ ከሃምሳ አለቃው ጋር ደጃፍ ላይ ተከራከሩ። «ቅዳሜ ሳጥኑን ብቻውን ከመኪና ያመጣው እሱ ነው። ያኔ ያልወሰደውን ኳስ ቆጥሬ ከሰቀልኩት በኋላ ምን አስወሰደው?»

«እትዬ፣ ሌባ እንደ እርስዎ አያስብም። ልጅቷ ቃሏን ሰጥታለች፤ የገባው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው እስካልተገኘ አልፈታውም።»

እህል ነጋዴው ጣልቃ ገባ። «አውጫጭኝ ይጠራና ሰፈሩ ተሰብስቦ ይውጣጣ! ተናጋሪ እስኪገኝ ማንም ቤቱ አይግባ!»

«ለአንድ ኳስ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ላስጣ?» አሉ እትዬ አስካለ። «ይልቅ እንጠብቅ። ኳሱ ራሱ ይመጣል።»

ሃምሳ አለቃው ሳቀ። «በእግሩ?»

«ታዲያ ኳስ በምኑ ሊመጣ ነው?»

እኔ ይህን ቃል በቃል አመንኩ። ኳስ የሚያውቀው ነገር አለ ብለውኝ የለ? በሚቀጥሉት ቀናት ክር እያሸሁ መንገዱን ስጠብቅ እውል ነበር። አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ፤ መንገዱ ወደ ገበያው ቁልቁል ስለሆነ ኳሱ ከታች ከሆነ እንዴት ሽቅብ ይንከባለላል? በመጨረሻ እንደ ምንም ደፍሬ ጠየቅኳቸው። ሳቃቸው መጣ፤ ግን ዋጡት።

«አየሽ፣ የወሰደው ሰው ይጫወትበታል። ይህ አገር ደግሞ እሾህ ነው። አንድ ቀን ግራር ይወጋውና ይተነፍሳል። ከዚያስ ማን ይሰፋዋል?»

እስከዚያው ዩያ የሚያበላው ዘመድ ከተማው ውስጥ አልነበረውም። የእስረኛ ምግብ ደግሞ ከቤቱ ነው የሚሄደው። እትዬ አስካለ በየቀኑ ስንቅ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ሙስሊም ነውና ሥጋችን ለእሱ ስለማይሆን በአዲስ ሸክላ፣ ለብቻው፣ ምስር ወይም ሽሮ ይሠሩለታል፤ አንዳንዴ የማሽላ ቂጣ በወተት። ስንቁን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ሰው ሲያያቸው ይንሾካሾክ ነበር። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማቸው፣ «አንቺ ሴት፣ የሰረቀሽን ትቀልቢያለሽ?» አለቻቸው።

«የሰረቀኝን ሳገኘው እሱንም አበላዋለሁ። ይሄ ግን ዩያ ነው» ብለዋት አለፉ።

ዩያ በጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያገኘናል። «አዮ፣ አንቺ ደህና ነሽ?» ይላል።

«እኔስ ደህና ነኝ። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ። እዚህ ሸክም የለ፣ ሳጥን የለ። ወገቤ ዳነ!» ብሎ ይስቃል። አንድ ቀን ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። «መቻራ ቡና ይለቀማል አሁን። ሚስቴ ብቻዋን ናት። ሰው ሌባ ብሎ ነገራት እንደሆነ እንጃ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በኦሮምኛ «ኢንተላ»፣ አንቺ ልጅ፣ ብሎ ጠራኝ። «አታልቅሺ። አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ። እኔ ገብቼ የለ?»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እየተመለስን ሳለ ነው በውስጤ አንድ ነገር የተንቀሳቀሰው። ያየሁትን ተናገርኩ፤ የሰማሁትንስ? መረቡ ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ። ጫማም አይቻለሁ። ይህን ለእትዬ አስካለ ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። የመምህር ታምሩን ስም ግን ከዚህ ነገር ጋር አጣምሬ ማውጣት አልቻልኩም። ብናገር ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ምናልባት ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሃምሳ አለቃው፣ «ሐሙስ ወደ ፍርድ ቤት አሳልፈዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከእኔ እጅ ወጣ ማለት ነው» አላቸው። እትዬ አስካለ በዚያ ቀን ወስፌ ጣታቸውን ሁለት ጊዜ ወጋቸው። ከዚያ በፊት ወስፌ ሲወጋቸው አይቼ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መምህር ታምሩ በጨርቅ ከረጢት ኳስ ይዘው መጡ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ አስካለ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ኳስ ነው። እሾህ ወጋው።»

«ይግቡ መምህር፣ ይቀመጡ» አሉና እትዬ አስካለ ኳሱን ተቀብለው ዝቅተኛው ዱካ ላይ አኖሩት።

እኔ እንደ ልማዴ ተነስቼ፣ እጄን አጣጥፌ፣ አቀርቅሬ ቆሜ ነበር። ዱካው ደግሞ ልክ ዓይኔ የሚያርፍበት ላይ ነበር። ኳሱ ሞራ ተቀብቶ፣ አመድ ተነስንሶበት አሮጌ እንዲመስል ተደርጓል። አፉ ግን በጥቁር ክር ነው የተሰፋው። ጥላሸት በገባበት፣ እኔ ባበላሸሁት ክር።

እትዬ አስካለም አይተውታል። ክሩን ሳይቆርጡ በጥንቃቄ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ውስጠኛውን ጎማ አወጡ፣ ውሃ ውስጥ ነክረው ቀዳዳውን አገኙ፣ ማስቲሽ ቀብተው ለጠፉ። እየሠሩም ስለ ዩያ ያወሩ ነበር፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ስለ አየሩ የሚያወሩ ያህል። «ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አምስት ልጆች አሉት። ወገቤ ዳነ እያለ ያሾፋል።» መምህር ታምሩ እግራቸውን አንዴ ሰበሰቡ፣ አንዴ ዘረጉ። እትዬ አስካለ ኳሱን ነፍተው፣ አፉን በአዲስ ነጭ ክር ሰፍተው ጨረሱ። ከዚያ ከመረቡ ሌላ ኳስ አውርደው ከጥቁሩ ክር አጠገብ አስቀመጡት። የዚያም አፍ ጥቁር ነበር።

«መምህር፣ ኳሱን ሰፍቼልዎታለሁ» አሉ። «የሰውየው ነገር ግን ከእኔ እጅ አይሆንም።»

መምህር ታምሩ ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ክሮች አዩ።

«ትምህርት ቤቱ ኳስ አልገዛም አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከበደሳ ጋር ግጥሚያ አለን። ልጆቹ በጨርቅ ኳስ ነው የሚለማመዱት። ከግጥሚያው በኋላ ልመልሰው ነበር፤ እውነቴን ነው።»

«ቢጠይቁኝ አውስዎት ነበር።»

«አውቃለሁ። መለመን ሆነብኝ።»

«ዩያ መታሰሩንስ ያውቁ ነበር?»

እኔ እግራቸውን ነበር የማየው፤ ጫማቸው አቧራ ነበረው።

እትዬ አስካለ አልጮኹም። አንቱታቸውንም አልተዉም። ነጠላቸውን አንስተው፣ «እንግዲያው አብረን እንሂድ። እኔ በዚያ ሰዓት እዚህ አልነበርኩም፤ ቃል የሰጠችው ይህች ልጅ ናት፤ እሷም ትመጣለች» አሉ። ኳሱን አሸከሙኝ። ስንወጣ ከመምህር ታምሩ ጎን ሆነው እንደ ማንኛውም ወዳጅ እያወሩ ነበር የሚሄዱት፣ መንገደኛ አይቶ ምንም እንዳያስብ። ይህን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሃምሳ አለቃው መምህሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። «መምህር! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ሻይ አምጡ! ለዚህ ኩሊ ዋስ ሊሆኑ ነው? እርስዎ ለሰው ማዘን ይወዳሉ።»

መምህር ታምሩ ተቀመጡ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ አልወጣም። እኔ ያንን ነገር አውቀዋለሁ። ጉሮሮ ላይ ደርሶ የሚመለሰውን ቃል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሻይ መጣ። እትዬ አስካለ ወደ እኔ አላዩም፣ አልገፉኝም፤ ጠበቁ ብቻ፣ ኳሱን እንደጠበቁት።

ቀና አልኩ። መምህር ፊት ቀና ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መምህርም ገብተው ነበር» አልኩ። «ያን ዕለት። ከዩያ በኋላ።»

ሃምሳ አለቃው ሊቆጣኝ እጁን አነሳ። «ምን ትላለች ይህች?»

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ መምህር ታምሩ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ ግን ተሰማ። «የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍና ማኅተም ብዙ ጊዜ ወሰደ። እትዬ አስካለ ኳሱ ተመልሶልኛል፣ የምከሰው የለኝም አሉ። ሃምሳ አለቃው ተነጫነጨ፤ ለሻዩ ተቆጨ መሰለኝ። መምህር ታምሩን ምን እንዳደረጓቸው ልጅ ስለነበርኩ ሙሉውን አላውቅም። ከግጥሚያው በፊት ትምህርት ቤቱ ፊት ቆመው ለተማሪዎቹ በራሳቸው አንደበት እንደተናገሩ፣ ቡድኑም በእትዬ አስካለ ኳስ፣ በውሰት፣ እንደተጫወተ ግን አስታውሳለሁ።

ዩያን ከግቢው ሲያወጡት ፀሐዩ ዓይኑን መታው። እትዬ አስካለ ፖሊሶቹ ሁሉ እያዩ፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዝቅ አሉለት። «ዩያ፣ ከቤቴ በተነሳ ነገር ነው የታሰርከው። ይቅር በለኝ።» እንደ እሳቸው ያለች ሴት ለኩሊ ጎንበስ ስትል በዚያ ከተማ ማንም አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አንዱ ፖሊስ ፊቱን አዞረ።

«ተይ አዮ፣ ተነሺ!» አለ ዩያ፣ ደንግጦ። «ተነሺ እንጂ፤ ሰው ያያል።»

እኔም ልናገር ፈለግሁ። አልቻልኩም፤ ለዚያ ቀን የነበረኝን ቃል ሁሉ ውስጥ ጨርሼዋለሁ። በእጄ ያለውን ኳስ ብቻ ወደ እሱ ዘረጋሁ።

ዩያ ተቀበለኝ። ስንት የኳስ ሳጥን ተሸክሟል፣ ኳስ በእጁ ይዞ ግን የሚያውቅ አይመስልም። አገላበጠው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያ ክብደቱን እንደሚገምት በአንድ መዳፉ ላይ አኖረው።

«ይሄ ነው?» አለ። «ምንም አይከብድም እኮ።»